የዓሣዋ አራስ ቤት

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ ሳትስቁ መልሱልኝ። ዓሣን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ብያለሁ። ብቻዬንም አይደለም፤ የሰፈሩን ሴቶች ሰብስቤ አስብያለሁ። ይኸው ወራት አልፈው ድንጋጤው አሁንም አልለቀቀኝም። ሻይ እየጠጣሁ ድንገት ትዝ ሲለኝ ብርጭቆዬን አስቀምጬ «በስመ አብ!» እላለሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ሰይጣን ያየሁ ይመስለዋል። ሰይጣን ባይ ይሻለኝ ነበር።

አገሬ መንዝ ነው፤ የምኖረው ሞላሌ። ሥራዬ የበግ ባለሙያነት ነው። ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ! መንዝ ውስጥ የበግ ባለሙያ መሆን ለቄስ ቅዳሴ እንደ ማስተማር ነው። ገበሬው የበጉን አያት ከነጠባይዋ ያውቃል። እንዲህ ባለ ሰው ፊት ቆሞ «እኔ ልንገርህ» ለማለት ወይ ዕውቀት ያስፈልጋል፣ ወይ ድፍረት። ድፍረቱ ሞልቶኛል። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አውራ በግ ሳስመርጥ ኖሬያለሁ። ገበሬዎቹ ወጠጤዎቻቸውን እየነዱ ይመጣሉ፣ ሽማግሌዎቹ ጀርባና ላት ይዳብሳሉ፣ እኔ መዝገብ ይዤ እንጎራደዳለሁ፤ ከዚያ «ይኼ አውራ ይሁን፣ ያኛው ሙክት ይሁን» ብለን እንፈርዳለን። ምን አለፋችሁ፣ ባለ አራት እግር ሁሉ ምስጢሩን ለእኔ የነገረኝ ይመስለኝ ነበር። መከራዬ የመጣው እግር ከሌለው ነው።

ባለቤቴ ትዕግስት የኬሚስትሪ አስተማሪ ናት። ሦስተኛ ልጃችንን አርግዛ ሰባተኛ ወሯን እንደያዘች አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ቁርጡን ነገረችኝ።

«ቀየት ሄጄ እናቴ ቤት ነው የምወልደው።»

«ምነው? ጤና ጣቢያው እዚሁ፣ ቤታችን እዚሁ…»

«አንተስ የት ነህ?»

የመጀመሪያዋ ልጃችን ሰላም ስትወለድ ራቤል ሄጄ በግ ሳስከትብ ነበርኩ፤ በዘጠነኛው ቀን ነው የተመለስኩት። ሁለተኛው ናትናኤል ሲወለድ ደግሞ አውራ በግ ምርጫ ላይ ነበርኩ። የዚያን ቀን የመረጥነው አውራ መልክ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ፤ የገዛ ልጄን የመጀመሪያ መልክ ግን የማውቀው ከፎቶ ነው። ትዕግስት ሁለቱንም ጊዜ አራስ ጠያቂው ሁሉ «አባወራውስ?» ሲላት «በግ ላይ ነው» እያለች መልሳለች። አሁን እናቷ ጋ ሄዳ ከወለደች ሰው ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ «ለበግ የሆነው ለሚስቱ ሳይሆን ቀረ» ነው የሚለው። የሰውስ አፍ ይለመዳል። የከበደኝ ተቆጥታ አለመሆኑ ነው። ብትቆጣ እለምናታለሁ፤ እሷ ግን ተስፋ ቆርጣ ነበር። ተስፋ የቆረጠ ሰው በምን ይለመናል?

በዚህ መካከል ታናሽ ወንድሟ ብሩክ ከአዲስ አበባ መኪና ተከራይቶ ከች አለ። ብሩክ ሥራ ያጣ ይመስል ቤቱ ውስጥ የባሕር ዓሣ ያረባል። ክላውን ፊሽ ይባላሉ። ብርቱካን የመሰሉ፣ ነጭ መቀነት የታጠቁ፣ አንዱ አውራ ጣት የሚያህል፣ ሌላው የዚያ ግማሽ። የተከራየው ቤት ሊፈርስበት ስለሆነ ሌላ እስኪያገኝ እኛ ጋ ሊያስቀምጣቸው ነው የመጣው። የመስታወት ገንዳውን ሳሎናችን ተከለ፤ ማሞቂያውን፣ አየር መንፊያውን፣ አንድ ባልዲ የባሕር ጨውና ሁለት ገጽ መመሪያ አስረከበኝ።

«ጋሼ፣ ባልና ሚስት ናቸው። ስድስት ዓመት አብሬያቸው ኖሬያለሁ። አደራ!» አለኝ።

ትዕግስት ወንድሟን ሸኝታ ስትመለስ ገንዳውን አየች፣ እኔን አየች።

«እሺ» አለች፤ «እስክወልድ ድረስ እነዚህን ሁለቱን ቤት ውለህ፣ ሳይጎዱ ካቆየሃቸው እዚሁ እወልዳለሁ። ካልሆነ ቀየት።»

ሳቄን ዋጥኩት። አራት መቶ በግ የሚያስከትብ ሰው በሁለት ዓሣ ሊፈተን! ወዲያው መመሪያውን አጥፌ፣ የገንዳው ጠረጴዛ አንድ እግሩ አጠር ስላለ ከሥሩ ሸጎጥኩት። ተስተካከለ።

መጀመሪያ የመጣው ብርዱ ነው። የሞላሌን ብርድ የማያውቅ ካለ እግዜር አያሳየው። እነዚህ ዓሦች ደግሞ ለካ ቆላ ናቸው፤ ውሃቸው ለብ ካላለ ይታመማሉ። አንድ የገበያ ቀን በጠራራው ፀሐይ መብራት ጠፋ። ውሃውን ስነካው እየቀዘቀዘ ነው! ደነገጥኩ። የአልጋችንን ባና ገፍፌ ገንዳውን ጠቀለልኩ፣ ከላዩ የአባቴን በርኖስ ደረብኩ፣ በጀሪካን ፍል ውሃ ሞልቼ በግራ በቀኙ አስደገፍኩለት። ጎረቤታችን እትዬ የሺ ጨው ሊዋሱ ገብተው በርኖስ የለበሰውን ነገር ሲያዩ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«ማነው የታመመባችሁ? ምነው ሳትነግሩን?»

«ዓሣ ነው፣ እትዬ።»

በርኖሱን ገለጥ አድርገው አዩ። «ይበላል?» አሉ።

«የሚታይ ነው።»

«የሚታይ» ብለው ደገሙት፤ ጨዋቸውን ሳይወስዱ ወጡ።

ቀጥሎ ጨው መጣ። የገንዳው ውሃ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይጎድላል። ጨው የማይወድ እንስሳ በመንዝ አልተፈጠረም ብዬ፣ ውሃ በሞላሁ ቁጥር አንድ አንድ ጭብጥ የባሕር ጨው እጨምርላቸው ጀመር። እንደ በግ ይልሱታል ብዬ ይሆን? እኔ እንጃ። በሳምንቱ ሁለቱም ላይ ላዩን አፋቸውን ከፍተው ቁና ቁና ይተነፍሳሉ። ትዕግስት በብሩክ መለኪያ ለካችና ጮኸች።

«ምን አድርገህ ነው? የሚተነው ውሃው እንጂ ጨው ይተናል እንዴ? ይኼንን ሰባተኛ ክፍል ነው የማስተምረው!»

ቀኑን ሙሉ ጥቂት ጥቂት ንጹሕ ውሃ እየጨመርን አዳንናቸው። ማታ ላይ ሻንጣዋን ከአልጋው ሥር አውጥታ አቧራውን ስትወለውል አየኋት።

ከዚያ በኋላ ጠንቃቃ ሆንኩ። መስክ መውጣት ቀነስኩ። ከቢሮ በሩጫ እመጣለሁ፣ ውሃ እለካለሁ፣ እመግባለሁ። ትዕግስት ታየኛለች፤ ሻንጣውም ወደ ቦታው ተመለሰ። ስምንተኛው ወር አልፎ ዘጠነኛው እንደገባ አንድ ጠዋት ወደ ገንዳው ጎንበስ ብል ምን አይ? ብሩክ ከውስጥ ያስቀመጠው የሸክላ ስባሪ ላይ ከሰናፍጭ ፍሬ ብዙም የማይበልጡ ብርቱካናማ ነገሮች በመቶ የሚቆጠሩ ተለጥፈዋል። እንቁላል!

«ወለደች! ትዕግስት፣ ወለደች!» ብዬ ጮህኩ። እሷ እኮ ናት እርጉዟ፤ ደንግጣ ሆዷን ይዛ መጣች።

አሁን በደንብ ስሙኝ፤ ጉዴ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ትንሿ ዓሣ ከእንቁላሉ ራስ አትነቃነቅም። በክንፏ ታራግብላቸዋለች፣ በአፏ አንድ በአንድ ትጠርጋለች፣ የጣልኩላትን ምግብ እንኳ ሮጥ ብላ ጎረስ አድርጋ ትመለሳለች። ትልቁ ዓሣ ግን ምን ሥራ አለው? ወዲያ ወዲህ ይንጎራደዳል። ጠጋ ብሎ ትንሿን ገፋ ያደርጋታል። እጄን ሳስገባ ጣቴን ነከሰኝ! ለእኔ ነገሩ እንደ ቀን ፀሐይ ግልጽ ነበር። ትልቅ፣ ተደባዳቢ፣ ሥራ ፈት፤ አውራ ማለት ይኼ ነው። ትንሽ፣ ትሑት፣ ከልጆቿ የማትለይ፤ እናት ማለት ይቺ ናት።

«እርግጠኛ ነህ?» አለች ትዕግስት። «እስቲ ብሩክን ጠይቀው።»

«አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አውራ የለየሁ ሰው ለዚህ ደግሞ ስልክ ልደውል?»

አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል። እኔ ሰፈሩን ሁሉ ነው የለቀለቅሁት። ለእትዬ የሺ ነገርኳቸው፣ እሳቸው ሦስት ሴቶች አስከትለው መጡ፤ አራስ ባዶ እጅ አይጠየቅምና አንዷ በእፍኝ ኑግ ይዛለች። በገንዳው ዙሪያ ተኮለኮሉ። እኔ ትንሿን በጣቴ አሳየሁ። እትዬ የሺ መጀመሪያ አፈሩ፤ ኋላ ግን ያቺ ነፍስ ያላት ነገር እንዲያ ስትንከራተት ሲያዩ ሆዳቸው ባባ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ እናቴ» አሉ መስታወቱን እየዳበሱ። ሌሎቹም ተከተሉ። እኔም አልኩ። ደጋግሜ አልኩ!

ወዲያው ትልቁ መጥቶ ትንሿን በአፉ ገፈተራት። ሴቶቹ አንድ ላይ «ውይ!» አሉ።

«አራስ ይመታል? ምን ዓይነት ወንድ ነው?» አሉ እትዬ የሺ። «ኧረ አውጣው! አራስ ቤት ወንድ ምን ያደርጋል?»

አወጣሁት። ሳፋ ሙሉ የገንዳውን ውሃ ቀዳሁ፣ አንዲት ትርፍ አየር መንፊያ ሰካሁ፣ ሞቅ ያለ ጀሪካን አስጠጋሁና ዕቃ ቤት ውስጥ አሠርኩት። «ለሚስት የማይሆን ባል እዚህ ይቀመጥ!» አልኩት። አፌን ቁረጠው!

ትዕግስት ከኋላዬ ቆማ ኖሯል። ለብዙ ጊዜ ያላየሁት ፈገግታ ፊቷ ላይ አለ።

«ለአራስ እንዲህ የምታስብ ከሆነ…» አለች። ከዚያ ስልኳን አንስታ እናቷ ጋ ደወለች፤ «እማዬ፣ አልመጣም፤ እዚሁ ልወልድ ነው» አለች። እኔ በደስታ ገንዳውን ልስመው ምንም አልቀረኝም።

አማቴ እማማ አስካለ ግን በስልክ የሚያምኑ ሴት አይደሉም። በሦስተኛው ቀን የገብስ ዱቄታቸውንና ቅቤያቸውን ይዘው፣ የመጣውን ለውጥ በዓይናቸው ሊያዩ፣ ካልሆነም ልጃቸውን ይዘው ሊመለሱ ከቀየት መጡ። በዚያው ጠዋት መብራት ሄዷል፤ እኔ ገንዳውን በባና በበርኖስ ሸፍኜ ፊቱን ብቻ ከፍቼ ነበር የጠበቅኋቸው። ገና ከመቀመጣቸው የአራሷን ፎቶ አንስቼ «ወለደች!» ብዬ ለብሩክ ላክሁ። አማቴ ፊት ሲያመሰግነኝ እንዲሰማ ብዬ ሲደውል ድምፁን ከፍ አደረግሁት። ያቺን ቁልፍ የነካች ጣቴን እንኳን ዓሣ ነከሳት።

«ጋሼ፣ ትልቋ የታለች?»

«ትልቁ ማለትህ ነው? አራሷን አላስቀምጥ ስላላት ለይቼዋለሁ።»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«ጋሼ… ሚስትየዋ እኮ ትልቋ ናት።»

«እንዴት? እንቁላሉን የምትጠብቀው ትንሿ ናት!»

«እሱ አባትየው ነዋ! እሷ ትወልዳለች፣ ቤቱን ትጠብቃለች፤ ልጆቹን የሚያሳድገው እሱ ነው። መመሪያው ላይ ጽፌልህ የለም እንዴ?»

ክው አልኩ። ትዕግስት ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው እግር ሥር የታጠፈውን ወረቀት አየችው፤ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። አራሷን ከአልጋዋ ጎትቼ ዕቃ ቤት ጥያለሁ! አባትየውን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አስብያለሁ! በስመ አብ!

ብሩክ ግን አልጨረሰም። «ስንት ቀን ሆናት?»

«ሦስት።»

«በሕይወት አለች? እሷ ከሞተች እኮ እሱ ወደ ሴትነት ይለወጣል።»

«ማ?»

«ባልየው። ሚስትየዋ ከጠፋች ቀስ በቀስ ሴት ይሆናል፤ ሌላ ወንድ ሲመጣለት እሱ ራሱ እንቁላል ይጥላል። ተፈጥሯቸው ነው።»

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ ይኼ ግን ለአንድ መስከረም ብቻ ይበዛል። እማማ አስካለ ብድግ ብለው ገንዳውን ሦስት ጊዜ አማተቡበት። እኔ ደርቄ ቀርቻለሁ። አሥራ አራት ዓመት ያስመረጥኳቸው አውራ በጎች አንድ በአንድ ዓይኔ ላይ መጡ፤ ማን ያውቃል፣ ከመካከላቸው አንዱ የሆነ ቦታ ወልዶ ይሆን?

«አለች ወይ ብሎ እየጠየቀህ ነው!» ብላ ትዕግስት ጮኸች።

ወደ ዕቃ ቤት በረርኩ። ለገንዳው ባናና በርኖስ ስደርብ ለሳፋው ጨርቅ እንኳ አልጣልኩለትም ነበር። አየር መንፊያዋ ከመብራቱ ጋር ቆማለች፣ ጀሪካኑ በርዷል፣ ውሃው ምንጭ ሆኗል። ትልቋ በጎኗ ተኝታለች። ትዕግስት ያን ሁሉ ሆድ ይዛ ከጎኔ ተንበረከከች፣ ጎንበስ ብላ ጉንጯን አየች፤ በጭንቅ ትር ትላለች። ጮክ ብዬ «እመቤቴ!» አልኩ። ስለት ተሳልኩ፤ ለዓሣ ስለት የተሳለ መንዜ ከእኔ በፊት ካለ አላውቅም።

«ባንዴ ወደ ሙቅ እንዳታስገቧት!» ይላል ብሩክ ከስልኩ ውስጥ። ከነቀዝቃዛ ውሃዋ በማሰሮ ቀድተን ማሰሮውን ገንዳው ላይ አንሳፈፍነው፤ የገንዳውን ውሃ በማንኪያ በማንኪያ ጨመርንላት። ማንኪያውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ዓሣዋ ብትሞት የብሩክ አደራ ሄደ፤ ትዕግስትም ሄደች፤ ስትሄድ ደግሞ እውነቷን ነው። አንድ ሰዓት ያህል እንዲሁ ቆየን። ኋላ ላይ አንዴ ጅራቷን መታች። ዘመም አለች፣ ቀና አለች። ማሰሮውን ሳዘነብለው ወጣችና በቀጥታ ወደ እንቁላሎቿ ሄደች። ትንሹ ሲያያት መላ ሰውነቱ ራደ፤ ብሩክ ኋላ እንደነገረኝ እሷን ለማክበር ነው እንዲያ የሚያደርገው። እጄን ለማውጣት ስዘገይ ነከሰችኝ። በሕይወቴ እንዲህ ደስ ያለኝ ንክሻ የለም።

እማማ አስካለ በርጩማ ስበው ገንዳው ፊት ተቀመጡ፤ ረዥም ጊዜ ትንሹን አዩት። እሱ ግርግሩ ሁሉ አልገባውም፤ ያራግባል።

«እንዲህ እያለ ስንት ቀን ይቆማል?» አሉ ሳይዞሩ።

«ስምንት ዘጠኝ ቀን ነው አለ ብሩክ፣ እማማ።»

«ሰላም ስትወለድ የት ነበርክ?»

«ራቤል።»

«ናትናኤልስ?»

«…በግ ምርጫ።»

«በጉ ደህና ነው?»

ትዕግስት ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። የሻንጣው ዚፕ ድምፅ ተሰማኝ። ተከትያት ገባሁ፤ ልብሷን እያጠፈች ታስገባለች።

«ተሳሳትኩ» አልኳት። «አልጠየቅሁም። አንቺንም ጠይቄሽ አላውቅም። ምን እንደምትፈልጊ ሁልጊዜ የማውቅ ይመስለኛል።»

እጇ ቆመ። እንባዬ መጣ። አማቴ ፊት የማላለቅስ ጎበዝ ነበርኩ፤ የበሩ መጋረጃ ተገልጦ እማማ አስካለ ቆመዋል።

«ልጄ፣ ልብስሽን መልሺ» አሉ። «ዓሣው ዘጠኝ ቀን ከቆመ ይኼ አርባ ቀን ይቁም። እኔ እዚሁ ተቀምጬ አየዋለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ካልቆምክ ልጄንም ልጆቿንም ይዤ ነው የምሄደው። ዓሣውንም እወስደዋለሁ።»

በማግስቱ ለኃላፊዬ የወሊድ ፈቃድ ጠየቅሁ። «ለማን?» አለኝ። «ለእኔ» አልኩት። መነጽሩን አውልቆ አየኝ። ሚስቱ ለወለደችለት ሠራተኛ የሚሰጥ ፈቃድ እንዳለ አስረዳሁት፤ ለአርባ ቀን የጎደለውን ከዓመት ፈቃዴ እንዲቀንስልኝ ለመንኩት። ዓሣ ስለ ማርባቴ ሰምቶ ኖሮ «አሁን ደግሞ አንተ ልትወልድ ነው?» አለ፤ ቢሮው ሁሉ ሳቀ። ይሳቁ።

የዓሣዎቹ እንቁላል በጊዜው ተፈለፈለ፤ ጠዋት ስናይ ዓይን ብቻ የሆኑ ብናኞች ውሃው ውስጥ ይርመሰመሳሉ። ለእነሱ የሚሆን ደቃቅ ምግብ አልነበረንምና በሁለት ቀን አንድም አልቀረም። ብሩክ «አይዞህ፣ የእኔም የመጀመሪያዎቹ እንዲሁ ነበሩ» አለኝ፤ እኔ ግን ምሳ አልወርድ አለኝ። ትንሹ በነጋታው ሸክላውን እንደገና መጥረግ ጀመረ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ትዕግስት ጤና ጣቢያው ውስጥ ሴት ልጅ ወለደች። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ሕፃኗ ስታለቅስ ከዓሣው ሁሉ፣ ከጉዱ ሁሉ በላይ ደነገጥኩ፤ እንዲህ ያለ ድምፅ ሁለት ጊዜ አምልጦኛል ማለት ነው? ቤት ገባን። ጨርቅ አጥባለሁ፣ ገንፎ አገነፋለሁ፣ ገንፎው ይጓጉላል። እማማ አስካለ በርጩማቸው ላይ ሆነው ያያሉ፤ ጣታቸውን አያነሡም። እትዬ የሺና ሴቶቹ ሊጠይቁ ሲመጡ ማማሰያ ይዤ ከጓዳ ብቅ ብል የያዙትን ሊጥሉ ምንም አልቀራቸውም።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት ትዕግስት ሕፃኗን አጥብታ ወደ እኔ ዘረጋቻት። «ያዛት፤ ትንሽ ጋደም ልበል» አለች። ተቀበልኳት። ገና ሳልቀመጥ ትዕግስት እንቅልፍ ወሰዳት፤ አፏ ተከፍቷል፣ አንድ እጇ ከአልጋው ወርዷል፣ ብጠራት አትሰማም። አንድ ነገር የሆነች መሰለኝ።

«እማማ! እማማ! ምን ሆና ነው?»

እማማ አስካለ መጥተው አዩዋት፤ የወረደውን እጇን ወደ ደረቷ መለሱላት።

«ምንም አልሆነች። አራስ እንዲህ ነው የሚተኛው» አሉ። «አይተህ አታውቅማ።»

የሦስት ልጆች አባት ነኝ።